አፕ እና ዳውን
አፕ (ወደ ላይ) እና ዳውን (ወደ ታች) አቅጣጫን የሚያመለክቱ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። እንደ አገባባቸው መስተዋድድ ወይም ተውሳከ ግሥ ይሆናሉ። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ብዙ ጊዜ ከፍታንና ዝቅታን ስለማያመለክቱ፣ ቃል በቃል የሚተረጉማቸው ተማሪ በቀላሉ ይሳሳታል።

የቦታ ትርጉም፦ በብሪታንያ የባቡር አጠራር በአብዛኛው ወደ ለንደን የሚወስደው መስመር «አፕ»፣ ከለንደን የሚወጣው «ዳውን» ይባላል። ስለዚህ ከኤዲንብራ ወደ ለንደን የሚሄድ ባቡር ወደ ደቡብ፣ በካርታ ላይ ቁልቁል፣ ቢጓዝም «አፕ» ነው። ለትምህርት ወደ ኦክስፎርድ ወይም ኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ መግባትም በተለምዶ «ጎ አፕ» ይባላል፤ «ሴንት ዳውን» የተባለ ተማሪ ግን ከዩኒቨርሲቲው ተባርሯል።

ከግሥ ጋር፦ ስለ ድምፅ ሲነገር «ተርን አፕ» መጨመር፣ «ተርን ዳውን» መቀነስ ነው። ስለ ግብዣ ሲነገር ግን ተቃራኒነታቸው ይጠፋል፦ «ተርን አፕ» በግብዣው ቦታ መገኘት፣ «ተርን ዳውን» ግብዣውን አልቀበልም ማለት ነው። «ስሎው አፕ» እና «ስሎው ዳውን» ደግሞ ሁለቱም ፍጥነት መቀነስን ይገልጻሉ። በዚህ ምክንያት ግሡና ተከታዩ ቃል እንደ አንድ ቃል አብረው ቢጠኑ ይሻላል።