የ2013 ዓ.ም ፕሪሚየር ሊግ፦ ዋንጫው ወደ ጎንደር የመጣበት ዓመት ለክለቦች አስተዳደር የተወው ትምህርት

ቆላ ድባ፦ የ2013 ዓ.ም የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በጎንደሩ ፋሲል ከነማ አሸናፊነት መጠናቀቁ በአማራ ክልል የእግር ኳስ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። ሊጉ በአዲስ መልክ ከተዋቀረበት ከ1990 ዓ.ም ጀምሮ የክልሉ ክለብ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከዚያ ቀደም አልታየም። ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የደምቢያ ወረዳ መቀመጫ ቆላ ድባ፣ በሰሜን ለ“ዐፄዎቹ” ፋሲል ከነማ መናኸሪያ ለጎንደር ትቀርባለች፤ በደቡብ ደግሞ “የጣና ሞገዶቹ” በሚል ስም የሚታወቀው ባሕር ዳር ከተማ ከጣና ሐይቅ ማዶ ይገኛል። የዚያ ዓመት ውድድር አካሄድ ግን ከአንድ ክለብ ድል ያለፈ ትርጉም ነበረው። የከተማ አስተዳደሮች በመንግሥት በጀት የሚደግፏቸው ክለቦች በምን ገቢ ሊኖሩ እንደሚችሉ፣ ስታዲየሞችም በምን መስፈርት እንደሚለኩ በግልጽ ያሳየ ዓመት ነበር።

ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አድጎ መወዳደር የጀመረው በ2009 ዓ.ም ነው። ክለቡ ባደገበት ወቅት በዚያው በጎንደር የሚገኘው የዳሸን ቢራ ፋብሪካ ክለብ ከሊጉ በመውረዱ፣ ከተማዋን የመወከሉ ኃላፊነት በሕዝባዊው ክለብ ላይ ወደቀ። በ2011 ዓ.ም ፋሲል ከነማ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ለዋንጫው ቢፎካከርም፣ መቐለ 70 እንደርታ የመጀመሪያውን የሊግ ድሉን አስመዝግቧል። የ2012 ዓ.ም ውድድር ደግሞ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ከተቋረጠ በኋላ፣ በሚያዝያ ወር መጨረሻ ያለ አሸናፊ እንዲሰረዝ ተወሰነ።

ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሊጉ ሌላ ፈተናም ገጥሞት ነበር። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም በደጋፊዎች መካከል የተፈጠሩ ግጭቶች ጨዋታዎች እንዲራዘሙና አንዳንዶቹም በገለልተኛ ሜዳ እንዲካሄዱ ምክንያት ሆነዋል። የውድድሩ አስተዳደር ከፌዴሬሽኑ ተለይቶ ክለቦቹ ራሳቸው ባለድርሻ ወደሆኑበት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር የተላለፈውም በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነበር።

የ2013 ዓ.ም ውድድር በታኅሣሥ ወር ሲጀመር በሊጉ የነበሩት ክለቦች 13 ብቻ ነበሩ። በጥቅምት ወር በሰሜን የአገሪቱ ክፍል በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረ እና ወልዋሎ ዐዲግራት ዩኒቨርሲቲ ሊሳተፉ አልቻሉም። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጎዶሎ በመሆኑ በየሳምንቱ አንድ ክለብ ያርፍ ነበር። እያንዳንዱ ክለብ ከ12ቱ ተጋጣሚዎቹ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ በመገናኘት 24 ጨዋታዎችን ያደረገ ሲሆን፣ በጠቅላላው 156 ጨዋታዎች ተካሂደዋል።

ከቀድሞው አሠራር ዋነኛው ለውጥ ክለቦች በየከተማቸው እየተቀባበሉ የሚጫወቱበት ሥርዓት መቅረቱ ነው። በምትኩ ሁሉም ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰባስበው የተወሰኑ ሳምንታትን ጨዋታ ካደረጉ በኋላ ወደ ቀጣዩ ከተማ ይሸጋገሩ ነበር። በዚህ መሠረት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ እና ሐዋሳ በተከታታይ አስተናግደዋል። ይህ አሠራር ሦስት ጉዳዮችን በአንድ ላይ ለመፍታት አስችሏል። በወረርሽኙ ወቅት የተጫዋቾችን የጤና ምርመራና ቁጥጥር በአንድ ሥፍራ ማካሄድ ተቻለ። የተመልካች ቁጥር የተገደበና ሜዳውም ለአብዛኞቹ ክለቦች ገለልተኛ በመሆኑ የጸጥታ ሥጋት ቀነሰ። የቴሌቪዥን ቀረጻ መሣሪያዎችንም በየሳምንቱ ከከተማ ወደ ከተማ ማጓጓዝ ሳያስፈልግ ጨዋታዎቹን ማስተላለፍ ተቻለ።

የመጨረሻው ነጥብ ከገቢ አንጻር ክብደት ነበረው። አክሲዮን ማኅበሩ ከመልቲቾይስ ኩባንያ ጋር ለአምስት ዓመት የሚቆይ የ22 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት የፈረመ ሲሆን፣ ይህም በአማካይ በዓመት 4 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። ጨዋታዎቹ በሱፐር ስፖርት አማካኝነት በቀጥታ መተላለፍ ጀመሩ። ቤትኪንግ የተባለው ኩባንያም የሊጉን የስያሜ መብት ወሰደ። ቀደም ሲል በየከተማው በሚገኙ ዲኤስቲቪ ቤቶች የእንግሊዝን ሊግ ብቻ ይመለከት የነበረው ደጋፊ፣ የራሱን ክለብ በዚያው ስክሪን ላይ ለማየት በቃ።

በሜዳ ላይ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ የሚመራው ፋሲል ከነማ ከተከታዮቹ ርቆ በመውጣት፣ ውድድሩ ሊጠናቀቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሻምፒዮንነቱን አረጋግጧል። ተከላካዩ ያሬድ ባየህ፣ የመሀል ሜዳው ሱራፌል ዳኛቸው፣ የክንፍ ተጫዋቹ ሽመክት ጉግሳ፣ ማሊያዊው ግብ ጠባቂ ሚኬል ሳማኬ እና አጥቂው ሙጂብ ቃሲም ከቡድኑ ምሰሶዎች መካከል ነበሩ። ሙጂብ በኋላ ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ አምርቷል። ሁለተኛ ሆኖ ያጠናቀቀው የኢትዮጵያ ቡና አጥቂ አቡበከር ናስር ደግሞ 29 ግቦችን በማስቆጠር፣ ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም በ24 ግቦች ይዞት የነበረውን ክብረ ወሰን አሻሽሏል። አቡበከር በ2014 ዓ.ም ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ለመዛወር ተስማምቷል።

ባሕር ዳር በዚያ ዓመት የሊጉ አስተናጋጅ ብቻ አልነበረችም። በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ የሚመራው ብሔራዊ ቡድን መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም በባሕር ዳር ስታዲየም ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸንፏል። ቡድኑ መጋቢት 21 ቀን ከኮትዲቯር ጋር በአቢጃን ካደረገው ጨዋታ በኋላ፣ ከስምንት ዓመታት ቆይታ በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መመለሱን አረጋግጧል። በሊጉ ሲጫወቱ የቆዩ ተጫዋቾች የቡድኑ መሠረት መሆናቸው፣ ሳይቆራረጥ የተካሄደው ውድድር ለብሔራዊ ቡድኑ የሰጠውን ጥቅም የሚያመለክት ነው።

ይሁን እንጂ ተመልካች በብዛት መያዝ የሚችል ስታዲየም መኖሩ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ብዙም ሳይቆይ ታየ። የባሕር ዳር ስታዲየም በ2008 ዓ.ም የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ጨዋታዎችን ያስተናገደ ሲሆን፣ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተገናኝተውበታል። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም በማለቱ፣ ኢትዮጵያ ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም ጋናን በ“ሜዳዋ” ያስተናገደችው በጆሃንስበርግ ነበር። የኮንፌዴሬሽኑ መስፈርት ከመቀመጫ ቁጥር ይልቅ የመጫወቻ ሣርን፣ የመልበሻ ክፍሎችን፣ የመብራትን፣ የሕክምናንና የመገናኛ ብዙኃን ሥፍራዎችን ደረጃ ይመለከታል። ስለሆነም የስታዲየም ግንባታ በጀት ሲያዝ ኮንክሪቱ ከቆመ በኋላ ያለው የማጠናቀቂያ ሥራና የዓመት ዓመት ጥገና አብሮ ሊታሰብ እንደሚገባ ያስገነዝባል።

ሌላው ትምህርት የክለቦችን ፋይናንስ ይመለከታል። ከአብዛኞቹ የሊጉ ክለቦች ጀርባ ያሉት የከተማ አስተዳደሮችና የመንግሥት ተቋማት ናቸው። ሁሉንም ክለቦች በአንድ ከተማ የማሰባሰቡ አሠራር የስርጭት ገቢ ቢያስገኝም፣ ክለቡ በራሱ ከተማ ከመግቢያ ትኬት ያገኝ የነበረውን ገቢ አስቀርቷል፤ ተጫዋቾችን ለወራት በሆቴል የማቆየትን ወጪም ጨምሯል። በአንጻሩ አስተናጋጅ ከተሞች በሆቴል፣ በምግብና በትራንስፖርት አገልግሎት ተጠቅመዋል። በዚህም ሳቢያ ወጪው በአንዱ ከተማ በጀት ላይ ሲመዘገብ፣ ጥቅሙ በሌላው ከተማ ንግድ ላይ የሚታይበት ሁኔታ ተፈጥሯል። የበጀት ውሳኔ የሚሰጡ አካላት የክለቡን ውጤት ከደረጃ ሠንጠረዥ ብቻ ሳይሆን ከዚህ ሚዛን አንጻርም ማየት ይኖርባቸዋል። የዳሸን ቢራ ክለብ ተሞክሮም አንድ የገንዘብ ምንጭ ብቻ ያለው ክለብ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ የሚያሳይ ነው።

ከ2013 ዓ.ም በኋላ ዋንጫው በተለያዩ እጆች ገብቷል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2014 እና በ2015፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2016፣ ኢትዮጵያ መድን ደግሞ በ2017 ዓ.ም አሸንፈዋል። ፋሲል ከነማ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ በሱዳኑ አል ሂላል ተሰናብቷል። ባሕር ዳር ከተማ በ2015 ዓ.ም ሁለተኛ በመሆን በኮንፌዴሬሽን ካፕ ተሳትፎ፣ የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት አሸንፎ ቀጣዩን ዙር ተቀላቅሏል። በ2013 ዓ.ም ያልተሳተፉት ሦስቱ የትግራይ ክለቦችም በ2017 ዓ.ም ወደ ሊጉ ተመልሰዋል።

በ2013 ዓ.ም በአስቸኳይ ሁኔታ የተጀመረው ሁሉንም ክለቦች በጥቂት ከተሞች የማሰባሰብ አሠራር፣ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ በነበሩት ውድድሮችም ቀጥሏል። ደጋፊው ክለቡን በከተማው ሜዳ ተገኝቶ እንዲመለከት፣ ክለቡም ከትኬት ገቢ እንዲያገኝ የሚያስችለው ዋነኛ መንገድ ደረጃቸውን የጠበቁ ሜዳዎችን በየከተማው ማሟላትና ሰላማዊ የድጋፍ ሥርዓትን ማስፈን ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ከክለቦች ይልቅ በአብዛኛው የአስተዳደር አካላትን ውሳኔ የሚጠይቁ ተግባራት ናቸው።