ከአዲስ አበባ የመጣው ሸክላ ማጫወቻ ለምን ይፈጥናል?

ማጫወቻው ከአዲስ አበባ በሻንጣ ተጉዞ ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሷል እንበል። ቤተሰቡ ጠንቃቃ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ የአሜሪካ ደግሞ 120 ቮልት መሆኑን ስለሚያውቅ ዕቃው ሳይሰካ በፊት ትራንስፎርመር ተገዝቷል። ሸክላው ከሽፋኑ ይወጣል፣ መርፌው ያርፋል፣ የጥላሁን ገሠሠ ድምፅም ይሰማል። ነገር ግን ድምፁ የጎረምሳ ድምፅ ነው። ከበሮው ይቸኩላል፣ ሳክስፎኑ ይቀጥናል። አባትየው «ይኼ ጥላሁን አይደለም» ይላሉ። አሜሪካ ተወልደው ያደጉት ልጆች ግን ዘፈኑን የሚሰሙት ገና ለመጀመሪያ ጊዜ በመሆኑ ምንም ስሕተት አይታያቸውም። ጥላሁን ለእነርሱ እንዲህ ነው።

ጥፋቱ የሸክላውም የመርፌውም አይደለም። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ የኤሌክትሪኩን ምልልስ አይለውጥም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ የአሜሪካው ግን 60 ጊዜ ይመላለሳል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩ አብዛኞቹ ማጫወቻዎች ፍጥነታቸውን የሚወስኑት በዚሁ ምልልስ ነው፤ ሞተሩ ከመስመሩ ጋር እኩል ይራመዳል። ስለዚህ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ መዞር የሚገባው ትልቅ ሸክላ 40 ጊዜ፣ ባለ 45ቱ ትንሽ ሸክላ ደግሞ 54 ጊዜ ይዞራል። ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲጨምር ዜማውም በዚያው መጠን ይወጣል። በፒያኖ ቢለካ ከሦስት ግማሽ ድምፆች ጥቂት ያልፋል። በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ስለማይዛባ ትዝታው ትዝታ፣ ባቲውም ባቲ ሆኖ ይቀራል፤ ያልለመደ ጆሮ የሚታለለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ በተገላቢጦሽም ይሠራል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የተወሰደ አሮጌ ማጫወቻ ሸክላውን በደቂቃ ወደ 28 ዙር ገደማ ብቻ ያዞረዋል፤ ዘፋኙም እንቅልፍ የተጫነው ይመስላል። በአውሮፓ የሚኖሩ አንባብያን መብራታቸው እንደ ኢትዮጵያ 50 ምልልስ ስለሆነ ከአገር ቤት በመጣ ማጫወቻ ይህ አይገጥማቸውም። በካናዳና በሳዑዲ ዓረቢያ ያሉት ግን ከአሜሪካኖቹ ጋር አንድ ናቸው።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ብረት ነው። በሞተሩ ዘንግ ላይ ቺንጊያውን ወይም የጎማ መንኰራኩሩን የሚያሽከረክር ትንሽ ፑሊ አለ። ሞተሩ በአሜሪካ ስለሚፈጥን ፑሊው በዚያው ልክ መቅጠን፣ ማለትም ከቀድሞው ስፋቱ ስድስት እጅ አምስቱን ብቻ መያዝ ይኖርበታል። ጋራርድ፣ ዱዋልና ቶሬንስ ለ50 እና ለ60 ምልልስ የተለያዩ ፑሊዎችን ያመርቱ ስለነበር ለብዙዎቹ ሞዴሎች ዛሬም ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ያሉት ፍጥነታቸውን በራሳቸው ኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠሩ ማጫወቻዎች ደግሞ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው። ለእነርሱ ቮልቱን ማስተካከል ብቻ ይበቃል።

ፍጥነቱን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሸክላው ዳር ላይ ትንሽ ወረቀት ምልክት አድርጎ በሰዓት መቍጠር በቂ ነው፤ ትልቁ ሸክላ በ3 ደቂቃ ውስጥ 100 ጊዜ መዞር አለበት። በመብራት ብልጭታ ቆመው የሚታዩ ነጠብጣቦች በሚዞረው ሰሐን ዳር ላይ ያሉበት ማጫወቻ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ለ50 ምልልስ የተሠራው ረድፍ 180 ነጠብጣቦች አሉት። በአሜሪካ አምፖል ሥር ይህ ረድፍ ቆሞ የሚታየው ሰሐኑ በትክክል 40 ጊዜ ሲዞር ነው፤ ይኸውም በዚያው በተሳሳተው ፍጥነት። ማጫወቻው ስለራሱ በሐሰት ይመሰክራል ማለት ነው። ለ60 ምልልስ 216 ነጠብጣብ ያለው ረድፍ ያስፈልጋል።

ይህን ያህል መጨነቁ ምን ይፈይዳል የሚል ቢኖር መልሱ ከሸክላዎቹ ማነስ ይጀምራል። በኢትዮጵያ ሸክላ የማሳተሙ ሥራ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1969 ወጣቱ አቶ አምሃ እሸቴ ያንን ክልከላ ጥሰው አምሃ ሬከርድስን አቋቋሙ፤ በመጀመሪያም የአለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች በህንድ አሳትመው አመጡ። ከዚያም ካይፋና ፊሊፕስ ተከተሉ። ሥራው በ1970ዎቹ መጨረሻ ለካሴት ቦታውን እስኪለቅ ድረስ በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጉ ባለ 45 ሸክላዎችና ወደ 30 ገደማ ትልልቅ ሸክላዎች ብቻ ታትመዋል። የአንድ ትልቅ ከተማ ሱቅ በአንድ ግድግዳ ላይ ሊይዛቸው የሚችል ቍጥር ነው።

ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹን ስደት ወደዚሁ አካባቢ አምጥቷቸዋል። አቶ አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰድደው በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ኖረዋል። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 ለዝግጅት የመጡት አቶ ኃይሉ መርጊያም እዚሁ ቀርተው ለረጅም ጊዜ ታክሲ ሲያሽከረክሩ ኖረዋል። በ1977 የታተመው «ቸ በለው» የተሰኘው ሸክላቸው በ2014 እንደገና በቪኒል ሲታተም፣ የመጀመሪያው ኅትመት በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚፈለግ ብርቅ ዕቃ ሆኖ ነበር። በሲልቨር ስፕሪንግ ምድር ቤቶችና በአሌክሳንድሪያ ፎቆች ውስጥ በካርቶን የተቀመጠ አሮጌ ሸክላ ሌላ ቅጂው በቀላሉ የማይገኝ ሊሆን ይችላል።

ከፍጥነቱ ቀጥሎ የሚመጣው መርፌው ነው። ለማሻሻል የታሰበ ገንዘብ ካለ በመጀመሪያ እዚህ ላይ ቢወጣ መልካም ነው፤ ወፍራም ሽቦና የሚያብረቀርቅ ሶኬት የሚሸጡ ሰዎች የሚሉትን ለጊዜው መስማት አያስፈልግም። የመርፌው ጫፍ አልማዝ ቢሆንም ያልቃል። እንደ አሠራሩ ከጥቂት መቶ ሰዓታት እስከ 1000 ሰዓት ገደማ ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ የተሞረደ ስለት ሆኖ የሸክላውን ቦይ ይፍቃል። በ30 ዓመት ውስጥ ያልተለወጠ መርፌ ካለ ብርቅ በሆነ ሸክላ ላይ ማሳረፍ አይገባም።

ክብደቱም በግምት የሚተው አይደለም። አብዛኞቹ የዛሬ ካርትሪጆች የሚጠይቁት ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ነው፤ ለዚህ የሚሆን የወርቅ ሠሪ ሚዛን የምትመስል ትንሽ ዲጂታል ሚዛን በርካሽ ትገኛለች። 2 ግራም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የመርፌው ጫፍ ቦይውን የሚነካበት ቦታ በዓይን የማይታይ በመሆኑ ግፊቱ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ቶኖች እንደ ማረፍ ነው። ብዙ ሰው ሸክላውን ለማዳን ብሎ ክብደቱን ከታዘዘው በታች ያደርጋል። ይህ መልካም ሐሳብ ጕዳት ያመጣል፤ የቀለለ መርፌ በቦይው ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታልና።

አሮጌ ሸክላ ላላቸው አንድ ተስፋ አለ። በዘመኑ የነበሩት ብዙ ማጫወቻዎች ከባድና ጫፋቸው ክብ የሆነ መርፌ ስለነበራቸው የቦይውን ግድግዳ በአንድ ከፍታ ላይ ብቻ አልፍተውታል። ጫፉ ሞላላ የሆነ መርፌ ግድግዳውን በሌላ ከፍታ ሊነካው ይችላል፤ እዚያም የቀድሞው መርፌ ያልደረሰበት፣ ከታተመበት ቀን ጀምሮ ያልተነካ ድምፅ ይገኝ ይሆናል። የጠፋ መስሎ የነበረ ክራር በአዲስ መርፌ ብቻ ተመልሶ ሲሰማ ያስደንቃል።

መርፌው የሚቀመጥበት አቅጣጫ ደግሞ የጂኦሜትሪ ጥያቄ ነው። ሸክላው በሚቀረጽበት ጊዜ ቀራጩ ብረት ከዳር ወደ መሐል በቀጥታ ይጓዛል። የማጫወቻው ክንድ ግን በአንድ ምሰሶ ላይ እየተሽከረከረ ቅስት ይሠራል፤ ስለዚህ ከቦይው ጋር ፍጹም የሚገጥመው በሁለት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው። እነዚህን ነጥቦች የሚያሳይ በወረቀት የታተመ መለኪያ አለ፤ ካርትሪጁን የያዙትን ሁለት ብሎኖች አላልቶ በዚያ ማስተካከል የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ስሕተቱ በይበልጥ የሚሰማው ዘፈኑ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ነው። በትልቅ ሸክላ ዳር ላይ ቦይው በመርፌው ሥር በሰከንድ ወደ 50 ሴንቲሜትር ሲያልፍ፣ ወደ መሐሉ ሲቃረብ 20 ገደማ ብቻ ያልፋል፤ ያው ድምፅ በጠበበ ቦታ ታጭቋል ማለት ነው። ዘፋኙ በመጨረሻ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሚሰማው ያ ሻካራነት ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

ማጫወቻው የሚቀመጥበት ቦታ በውኃ ልክ መለካት አለበት። በሲልቨር ስፕሪንግ እንዳሉት የእንጨት ወለል ያላቸው ቤቶች ውስጥ ልጅ ሲሮጥ መርፌው ይዘላል፤ ከግድግዳ ጋር የታሰረ መደርደሪያ ይህን ያስቀራል። በአሌክሳንድሪያ የኮንክሪት ፎቅ ላይ ይህ ችግር የለም፤ የጎረቤት ቅሬታ ግን አለ። የምድር ቤት ወለል ጽኑ ነው ብሎ ማጫወቻውንም ሸክላውንም እዚያ ማኖር የተለመደ ቢሆንም የዋሽንግተን በጋ እርጥበት ሽፋኖቹን ያሻግታል። እርጥበት የሚመጥ መሣሪያ ከሌለ ሸክላዎቹ ወደ ላይ ቢወጡ ይሻላል፤ ሲቀመጡም እንደ መጽሐፍ ቆመው እንጂ ተደራርበው አይሁን።

ወደ ኤሌክትሮኒክሱ ስንመጣ፣ አሮጌው የሴራሚክ ካርትሪጅ የሚያመነጨው ምልክት ጠንካራ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ሬዲዮ ይገባ ነበር። የዛሬው ማግኔት ያለበት ካርትሪጅ የሚሰጠው ግን ከጥቂት ሚሊቮልት አይበልጥም። በዚያ ላይ ሸክላ በሚቀረጽበት ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ ሆነ ተብሎ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ደግሞ ከፍ ተደርጎ ነው የሚታተመው፤ ወፍራሙ እንዳለ ቢቀረጽ ቦይው ሰፍቶ ዘፈኑ አይበቃውም ነበር። ከ1954 ጀምሮ የተስማሙበትን ይህን መጠን መልሶ የሚያቃናው ፎኖ የሚባለው ማጉያ ነው። ያለ እርሱ የሚጫወት ሸክላ ቀጭን፣ ቤዝ የሌለውና የሚያፏጭ ይሆናል። ከማጫወቻው የምትወጣው ቀጭን የመሬት ሽቦም ከማጉያው ጋር መታሰር አለባት፤ ካልታሰረች በ60 ምልልስ የሚያንጎራጕር ጩኸት ይሰማል።

ሸክላው ሞኖ ከሆነ ደግሞ ማጉያውን ወደ ሞኖ ማዞር ከብዙ ወጪ የሚበልጥ ጥቅም አለው። በሞኖ ሸክላ ላይ ሙዚቃው መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው ወደ ጎን ብቻ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚያስዘልለው አቧራና ጭረት ነው። ሁለቱ መስመሮች ሲደመሩ ያ የላይና የታች ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል።

እንዲህ ከተዘጋጀ በኋላ ብዙዎች ሸክላውን ወደ ኮምፒዩተር ይገለብጡታል። እዚህ ላይ የፍጥነቱ ጕዳይ ይመለሳል፤ የተሳሳተ ቅጂ አንዴ ከተሰራጨ ማንም አይመልሰውም። አንድ የምርመራ ዘዴ አለ። በአዲስ አበባ ስቱዲዮ የተቀዳ ሙዚቃ ውስጥ የከተማይቱ የ50 ምልልስ ኤሌክትሪክ በስሱ ተቀርጾ ሊገኝ ይችላል። የድምፅ ሞገድን የሚያሳይ ፕሮግራም ላይ ያ መስመር በ50 ወይም በእጥፉ በ100 ላይ ከታየ ፍጥነቱ ትክክል ስለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ማጫወቻው በ20 በመቶ ከፈጠነ ግን ያው መስመር 60 ላይ ይወድቅና ከአሜሪካው መብራት ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ ይሰወራል።

ከመገልበጡ በፊት ማጠብ ያስፈልጋል። ለቪኒል የተጣራ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ፣ ቅባት ካለበትም ጥቂት አልኮል ይበቃል፤ ወረቀቱ እንዳይርስ ይጠንቀቁ። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረውን የጥንቱን ሸክላ ግን አልኮል ፈጽሞ አያስነኩት። እርሱ ከቪኒል ሳይሆን ነፍሳት ከሚያመነጩት ሼላክ ከተባለ ሙጫ የተሠራ ነው፤ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። ተሰማ እሸቴ በ1900ዎቹ የመጀመሪያ ዐሥር ዓመት በጀርመን የተቀረጹት በዚህ ዓይነት ሸክላ ላይ ነው። ቦይው ሰፊ ስለሆነ የቪኒል መርፌ ታች ወርዶ ቆሻሻውን ብቻ ያነባል፤ ሦስትና አራት እጥፍ የሚሰፋ ጫፍ ያለው ሌላ መርፌ ያስፈልገዋል።

የተሰነጠቀ ከሆነ ምንም መርፌ አይንካው። በካሊፎርኒያ በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የፊዚክስ ሊቃውንት የፈጠሩትና የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀምበት አይሪን የተሰኘ መሣሪያ ቦይውን በካሜራ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ሸክላውን ሳይነካ፣ ከምስሉ ድምፅ ያወጣል። ቤተ መጻሕፍቱ የድምፅና የፊልም ቅርሶቹን የሚያኖረው በቨርጂኒያ ኩልፔፐር ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። የተሰነጠቀውን ሸክላ እስከዚያው ድረስ በጠንካራ ካርቶን መካከል አድርጎ፣ ስብርባሪው ሳይወድቅ፣ ማጣበቂያም ሳይቀባ ማቆየት ነው።