«እጅ ይለምዳል»፦ የተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ጉዳትና የተሳሳቱ እምነቶች

በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፤ የእጅ ሕመም የጀማሪ ችግር ነው፣ ሥራው ሲለመድ በራሱ ይጠፋል የሚል። እምነቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ያልጠነከረ ጡንቻ በአዲስ ሥራ የመጀመሪያ ቀናት ይዝላል፣ ይቆረጥማል፣ ከዚያም እየበረታ ሲሄድ ሕመሙ ይተወዋል። ስሕተቱ ለጡንቻ የሚሠራውን ለጅማትና ለነርቭም ማዋሉ ላይ ነው። ጅማት፣ ማለትም ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጠንካራ አካል፣ የሚደርሰው ደም አነስተኛ በመሆኑ የሚያገግመው በዝግታ ነው፤ ያው እንቅስቃሴ ያለ በቂ ዕረፍት ሲደጋገም ጉዳቱ ጥገናውን ይቀድመዋል። በእጅ አንጓ ጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈው ነርቭ ሲጨመቅ ደግሞ አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ፤ ድንዛዜውም ሌሊት ከእንቅልፍ እያስነሣ እጅን ያስራግፋል።

«ለመደች» የምትባለው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የተማረችው ሕመሙን መሸፈን ነው። ጨርቁን ወደ መርፌው ስታስጠጋ የደነዘዙትን ጣቶች ትታ በመዳፏ ትገፋለች፣ የአንጓዋን ድካም ወደ ትከሻዋ ታዛውራለች፣ ቀድሞ ሳታስበው ይታዘዛት የነበረውን እጅም አሁን በዓይኗ መከታተል ግድ ይሆንባታል። ኮታዋ ስለማይጎድል ለሚያያት ሁሉ ደህና ትመስላለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን የሻይ ብርጭቆ ከእጇ ያመልጣታል። ይህን እንደ ጥንካሬ እያወደሱ ዕረፍት የጠየቀችውን ሰነፍ የሚሉ አለቆች ዕዳውን የሚከፍሉት እነርሱ አይደሉም፤ ለረጅም ጊዜ በተጨመቀ ነርቭ ምክንያት በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ከመነመነ፣ ቀዶ ሕክምናም የጠፋውን ኃይል ሙሉ በሙሉ ላይመልስ ይችላል።

ሌሎቹ እምነቶች ብዙ ሐተታ አይሹም። «ብርድ መትቶት ነው» ለሚለው፣ ቅዝቃዜ እጅን ቢያደርቅና ሕመሙን ቢያባብስም ደጋግሞ የሚመለስ የጣት ድንዛዜ በጋቢ አይድንም። «ራጅ ምንም አላሳየም» ማለትም ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፤ ራጅ በዋነኛነት የሚያሳየው አጥንትን ነውና። «የኮምፒውተር ዘመን በሽታ ነው» ለሚሉት ደግሞ፣ ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የጸሐፊዎችን እጅ መድከም ከማያቋርጠው የብዕር እንቅስቃሴ ጋር አያይዞ ጽፎታል።

እርግጥ ነው፣ የስኳር በሽታ፣ እርግዝናና የታይሮይድ ዕጢ መድከምም የአንጓን ነርቭ ለጭመቃ ስለሚያጋልጡ፣ በአንዲት ሠራተኛ ላይ የሥራው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ መለየት ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ይህ ጥርጣሬ ግን ምርመራን የሚጠይቅ እንጂ ሥራን በነበረበት ለማስቀጠል ሰበብ የሚሆን አይደለም፤ አጫጭር ዕረፍት መስጠት፣ ሥራን ማፈራረቅና የወንበሩን ከፍታ ከሠራተኛዋ ቁመት ጋር ማስማማት መንስኤው እስኪጣራ የሚዘገዩ እርምጃዎች አይደሉም።