ስፓኒሽ ለጌዴኦ ልጅ

ስፓኒሽ በ20 አገሮች የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ነው፤ ከአፍሪካ ኢኳቶሪያል ጊኒ ትገኝበታለች። ከ450 ሚሊዮን በላይ ሰው አፉን የፈታው በዚሁ ቋንቋ ነው። ላቲን አሜሪካ አብዛኛው ካቶሊክ በመሆኑም በዓለም ካቶሊካውያን ዘንድ ስፓኒሽን ያህል ተናጋሪ ያለው ቋንቋ የለም። ስለዚህ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ከእንግሊዝኛ ሌላ የውጭ ቋንቋ ልጨምር ቢል ስፓኒሽን ማሰቡ አይገርምም። ግን በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ አፉን ፈትቶ አማርኛና እንግሊዝኛ የተደረበለት የዲላ ወይም የሬኮ ልጅ አራተኛውን እንዴት ይችለዋል?

ከሚፈራው ይቀለዋል። ጌዴኡፋ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ልጁ ፊደሉን ከታች ክፍል ጀምሮ ያውቀዋል። የስፓኒሽ አናባቢዎች አምስት ብቻ ናቸው፦ ኣ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ። እንደ እንግሊዝኛ በየቃሉ ድምፃቸውን አይቀያይሩም፤ እንደተጻፉ ይነበባሉ። ብዙ የውጭ ተማሪ የሚቸገርበት «ኝ» ለአማርኛ ተናጋሪ የተለመደ ድምፅ ነው፤ ሕፃኑን «ኒኞ» ለማለት ምላሱ አይተሳሰርም። መጥበቅና መላላትም እንግዳ አይሆንበትም። የበዓሉን «ገና» ከ«ገና አልመጣም» የሚለይ ልጅ፣ «ፔሮ» ሲላላ «ግን»፣ «ሮ» ጠብቆ ምላስ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ «ውሻ» መሆኑን ቶሎ ይይዛል። ስፓኒሽ ይህን ጠንካራ «ር» ፊደሉን ደግሞ ይጽፈዋል፤ ጌዴኡፋም የሚጠብቅ ድምፅ የሚጻፈው ፊደል በመድገም ነው።

ሰዋስው ላይ ሲደረስ ለቡና አገር ልጅ የሚስማማው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር «ቶሞ ካፌ» ነው፤ ቡና እጠጣለሁ። ማን እንደሚጠጣ ግሱ ራሱ ይናገራል፤ እንደ አማርኛው «እኔ» ማለት አያስፈልግም። ለታላቅ ሰው «እርስዎ» እንደሚባለው ሁሉ «ኡስቴድ» አለ። የሚከብደው ሌላ ነው። አማርኛም ጌዴኡፋም ግሱን መጨረሻ ላይ ሲያስቀምጡ ስፓኒሽ ቡናውን ከመጥራቱ በፊት ይጠጣል። ዕቃው ሁሉ ደግሞ ወንድና ሴት ነው፦ ነጭ ጠረጴዛ «ላ ሜሳ ብላንካ»፣ ነጭ መጽሐፍ «ኤል ሊብሮ ብላንኮ»። ሕጉን በቃል ከማስጠናት ይልቅ ዕቃውን በጣት እያሳዩ «ላ»ውን ወይም «ኤል»ኡን ከስሙ ጋር አብሮ ማስያዝ ይሻላል፤ ልጅ ስሙን ሲያስታውስ ጾታውም አብሮ ይመጣለታል።

የስፔን ሰው በኢትዮጵያ ልጆችን ሲያስተምር አዲስ አይደለም። በማድሪድ አቅራቢያ የተወለደው ኢየሱሳዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ዐድዋ አጠገብ ወዳለችው ፍሬሞና ገብቶ ልጆችን ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። በራሱ ቋንቋ ግን አላስተማረም። ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ የጥያቄና መልስ ትምህርተ ሃይማኖቱንም ወደ አማርኛ አስመለሰ። በዓመቱ ዐፄ ዘድንግል ሲያስጠሩት ሁለት ተማሪዎቹን ይዞ ቀረበ፤ ልጆቹም የተማሩትን በንጉሡ ፊት በቃላቸው ወጡት። የሃይማኖቱ ጉዳይ በኋላ አገር አናውጦ ኢየሱሳውያን በዐፄ ፋሲል ዘመን ተባረዋል። ለቋንቋ አስተማሪ የሚተርፈው ግን መምህሩ ወደ ልጆቹ ቋንቋ መሄዱ ነው።

ስፓኒሽን በብዛት የተማሩት ኢትዮጵያውያን ልጆች ግን ከካቶሊክ ትምህርት ቤት አልወጡም። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ያጡ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወደ ኩባ ተላኩ፤ ማረፊያቸውም «የወጣቶች ደሴት» ነበረች። ግማሽ ቀን ይማራሉ፣ ግማሽ ቀን በግሬፕፍሩትና በብርቱካን እርሻ ይሠራሉ። ሒሳቡም ሳይንሱም በስፓኒሽ ስለነበር ቋንቋው የፈተና ትምህርት ብቻ ሳይሆን የኑሮ መግባቢያ ሆነላቸው። አብረዋቸው የሄዱ ኢትዮጵያውያን መምህራን ደግሞ አማርኛን፣ የአገራቸውን ታሪክና ጂኦግራፊ አስተማሯቸው። ብዙዎቹ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው፣ ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው ተመልሰዋል፤ አማርኛቸውም አብሯቸው ተመልሷል።

የጌዴኦ ትምህርት ቤት ደሴት አይሆንም፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ክፍለ ጊዜ ካገኘ ብዙ ነው። ስለዚህ ያቺን ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል እየዞረ ሊያባክናት አይገባም፤ ለልጁ ገና ያልጠናለት ቋንቋ ለሌላ ቋንቋ መሰላል አይሆንም። ማብራሪያው በጌዴኡፋና በአማርኛ፣ ልምምዱ በስፓኒሽ ይሁን። ሰዓቱም ከጌዴኡፋ ክፍለ ጊዜ ተቀንሶ አይምጣ። መምህር ከየት ይምጣ ለሚለውም ማድሪድ ድረስ ከመጻፍ በፊት ከኩባ ተመላሾቹን መጠየቅ ይቀድማል፤ ስፓኒሽን በልጅነታቸው ተምረውታልና ልጅ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ያውቃሉ።