ከቤት መሥራት ወይስ ከቢሮ? ጤና ባለሙያው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ

በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከሚኖሩት ሠራተኞች ብዙዎቹ መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ ነው። ማለዳ ተነሥተው በኮተቤ፣ በዓለም ገና፣ በአስኮ ወይም በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ከተማ ይገባሉ፤ ማታም በዚያው መንገድ ይመለሳሉ። ስለዚህም ከቤት ሆኖ መሥራት ለእነዚህ ሰዎች እንደ እፎይታ ቢታይ አያስገርምም። በጤና ረገድ ሲመረመር ግን ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅምና ጉዳት አላቸው።

በሀገራችን ይህ አሠራር በሰፊው የተሞከረው በኮቪድ-19 ወቅት ነው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ፣ በዚያው ወር አጋማሽ የፌዴራል መንግሥት እጅግ አስፈላጊ በሆነ ሥራ ላይ ከተሰማሩት በስተቀር ሠራተኞቹ ከቤታቸው እንዲሠሩ ወሰነ። ማዋለድም ሆነ ቁስል ማጠብ ከቤት ሆኖ የሚከናወን ባለመሆኑ ጤና ባለሙያው በሥራ ገበታው ላይ ቆየ።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት የጋራ ሰነድ፣ ከቤት መሥራት የጉዞን ድካም እንደሚቀንስና ሥራን ከኑሮ ጋር ለማጣጣም እንደሚያመች ገልጸዋል። በአግባቡ ካልተመራ ግን ለብቸኝነት፣ ለድብርት፣ ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለዓይን ድካም፣ ላልተገባ ውፍረትና ለቤት ውስጥ ጥቃት ሊያጋልጥ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል።

ሌላው አሳሳቢ ነገር የሥራ ሰዓት መርዘም ነው። ሁለቱ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረጉት ጥናት መሠረት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር መጥበብ በሽታ የመሞት ዕድሉም 17 በመቶ ይጨምራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ቢሮ በር አለው፤ ሲዘጋ ሥራው ያበቃል። በመኖሪያ ቤት ግን ይህን ወሰን ሠራተኛው ራሱ ካላበጀው ሥራው እስከ እኩለ ሌሊት ሊዘልቅ ይችላል።

እንግዲህ የወገብ ወይም የአንገት ሕመም፣ ራስ ምታት ወይም እንቅልፍ ማጣት ይዞ ለሚመጣ ታካሚ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የት ተቀምጦ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር እንደሚሠራ ሊጠየቅ ይገባል። ኮምፒውተሩን በጭኑ ላይ አድርጎ አልጋ ላይ ለሚሠራ ሰው ማስታገሻ ደጋግሞ ማዘዝ መንሥኤውን አያስወግድም፤ ይልቁንም ጨጓራውንና ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። የሚጠቅመው ወገብን የሚደግፍ ወንበር፣ ከዓይን ትይዩ የተቀመጠ የኮምፒውተር ስክሪን፣ በየግማሽ ሰዓቱ መነሣት፣ በየ20 ደቂቃውም ዓይንን ለ20 ሴኮንድ ወደ ሩቅ ማሳረፍ ነው።

በመጨረሻም፣ ለአንዳንድ ሴት ቢሮ ከጥቃት የምታርፍበት ብቸኛ ሥፍራ ሊሆን ስለሚችል፣ ስለ ቤቷ ሁኔታ ሌላ ሰው በሌለበት ለብቻዋ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ከቤት ሆነው ይሥሩ» የሚለው የሕክምና ምክር ሊጻፍ የሚገባው ያ ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው።