ዕርቁ ደም ያደርቃል፤ ክሱን ግን አይዘጋም፦ የወንጀልና የፍትሐ ብሔር ሕግ ሀሁ

 

በቆቦና በራያ ቆላ ደም ሲፈስ ቀድመው የሚነሱት ሽማግሌዎች ናቸው። ሸኾችና ቄሶች፣ ዘወልድ የሚባሉት የአገር አስታራቂዎችም ጭምር፣ በሁለቱ ወገን መካከል ይገባሉ። ካሳ ይቆረጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ደም ይደርቃል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ስንት ነፍስ ከበቀል አትርፏል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዕርቁ በኋላ ነው። ፖሊስ ምርመራውን፣ ዐቃቤ ሕግም ክሱን ሲቀጥሉ የገዳይ ወገን «ታርቀን የለም እንዴ? ልጃችን ለምን አይፈታም?» ይላል። የሟች ወገን ደግሞ «እኛ አላስከሰስንም» ብሎ ይምላል። በዚህ ጥርጣሬ የተኛው ቂም መልሶ ይነሳል። በሌላ በኩል የሟች ሚስት «ወንዶቹ ታርቀዋል» ስለተባለች ብቻ ለየቲም ልጆቿ የምትጠይቀው ነገር የቀረ ይመስላትና ዝም ትላለች።

ሁለቱም የሚመነጩት ከአንድ ነገር ነው፤ የወንጀል ሕግንና የፍትሐ ብሔር ሕግን ለይቶ ካለማወቅ። ዛሬ ይህንን ልዩነት ከመሠረቱ እናያለን፣ ኢንሻአላህ።

ሁለቱ ሕጎች በምን ይለያያሉ?

የወንጀል ሕግ ሕግ የከለከለውን የፈጸመ ሰው የሚቀጣበት ነው። የተመታው አንድ ሰው ቢሆንም ሕጉ ጥፋቱን በሕዝብ ሰላም ላይ እንደተፈጸመ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከሳሹ በመንግሥት ስም ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ተበዳዩ በአብዛኛው ምስክር ሆኖ ይቀርባል። ውጤቱ ቅጣት ነው፤ መቀጮ፣ እስራት፣ በከባዱም ሞት። አሁን የምንሠራበት የወንጀል ሕግ በ1996 የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የጸናው ነው። በዚህ ሕግ አንቀጽ 2 መሠረት ሕግ ወንጀል ነው ያላለው ድርጊት አያስቀጣም። በአንቀጽ 23 ደግሞ አንድ ሰው ጥፋተኛ ለመባል ሦስት ነገር መሟላት አለበት፦ የሚከለክል ሕግ፣ የተፈጸመ ድርጊት፣ እንዲሁም ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም።

የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን የሰውና የሰውን ግንኙነት ይገዛል፦ ውል፣ ብድር፣ ንብረት፣ ውርስ፣ ኪራይ፣ የጉዳት ካሳ። ዋናው ሕግ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እዚህ ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም የሉም፤ ሐቄ ተነካ የሚለው ሰው ራሱ ከሶ ራሱ ያስረዳል። ውጤቱም «ክፈል»፣ «መልስ»፣ «ውሉን ፈጽም» የሚል ፍርድ ነው።

በማስረጃም ይለያያሉ። በወንጀል ዐቃቤ ሕግ በቂ ጥርጣሬ በማይተው መንገድ ማስረዳት አለበት፤ እስከዚያው ተከሳሹ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል። በፍትሐ ብሔር የማን ማስረጃ ሚዛን ይደፋል የሚለው ይበቃል። በወንጀል ነጻ የወጣ ሰው በፍትሐ ብሔር ካሳ ክፈል ሊባል የሚችለውም ለዚህ ነው።

አንድ ጠብ፣ ሁለት መዝገብ

ምሳሌ እንውሰድ። ኅዳር ላይ ማሽላው ደርሷል። የአንድ ሰው ግመል አምልጦ ማሳ ገባና አበላሸ። ባለ ማሳውና ባለ ግመሉ ተጣሉ፤ ባለ ማሳው በዱላ መትቶ የባለ ግመሉን ክንድ ሰበረ።

የማሽላው ጉዳት የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። በአንቀጽ 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳያስበው ቢያመልጥም ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። አውቆ ነድቶ ካስገባው ግን ነገሩ ወደ ወንጀልም ሊሄድ ይችላል። እዚህ ላይ ሐሳብ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ልብ እንበል።

የተሰበረው ክንድ ደግሞ ሁለት መዝገብ ይከፍታል። ድብደባው ወንጀል ነው፤ ክብደቱ በሐኪም ማስረጃ ይለያል። የሕክምናው ወጪና ሰውየው ሳይሠራ የቀረበት ገቢ የፍትሐ ብሔር ካሳ ነው፤ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን ይካስ ይላልና። ተበዳዩ ካሳውን ለብቻው ሊከስ፣ ወይም ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ሊያቀርብ ይችላል። ባለ ማሳው «ግመልህ ማሽላዬን በልቷል» ብሎ ከድብደባው አያመልጥም፤ ባለ ግመሉም «ክንዴን ሰብረሃል» ብሎ ከማሽላው ካሳ ነጻ አይሆንም። እያንዳንዱ ሐቅ ለየብቻ ይታያል።

ዕርቅ የሚዘጋውና የማይዘጋው

አንደኛ፦ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ በዕርቅ ሊያልቅ ይችላል። በአንቀጽ 3312 መሠረት ተከራካሪዎች በግልግል የተስማሙበት ነገር በመካከላቸው እንደመጨረሻ ፍርድ ይጸናል። ስለዚህ ማን ለማን፣ ስንት፣ መቼ እንደሚከፍል በጽሑፍ ይስፈር፤ ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት።

ሁለተኛ፦ ቀላል የሆኑ አንዳንድ ወንጀሎች፣ ለምሳሌ ስድብና ቀላል የአካል ጉዳት፣ ተበዳዩ አቤት ካላለ አይከሰሱም። በእነዚህ ላይ ዕርቅ ትልቅ ቦታ አለው። ነገር ግን ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ባወቀ በሦስት ወር ውስጥ አቤቱታ ካላቀረበ መብቱ ይቀራል። «ሽማግሌ ይዞታል» እየተባለ ይህ ጊዜ እንዳያልፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ ግድያንና ከባድ የአካል ጉዳትን የመሰሉ ወንጀሎች ቤተሰብ ይቅር ስላለ አይዘጉም። ተራ የሚባለው የሰው ግድያ እንኳ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ይህ ማለት ግን ዕርቁ በፍርድ ቤት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። አንቀጽ 82 ጥፋተኛው መጸጸቱን፣ እጁን መስጠቱንና የቻለውን ያህል መካሱን ቅጣት ማቅለያ ያደርጋቸዋል። የዕርቁ ሰነድ ለፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት ለዚህ ነው።

ነገሩ ለእኛ ለሙስሊሞች ባዕድ አይደለም። ዑለማዎቻችን የአላህን ሐቅ ከባሮች ሐቅ ለይተው አስተምረዋል። በማሊኪ መዝሀብ የሟች ወራሾች ሆን ብሎ የገደለውን ይቅር ቢሉት እንኳ ገዳዩ ተዕዚር አለበት። ወራሽ የሚተወው የራሱን ሐቅ ነው፤ የሕዝቡን ሰላም የመጠበቅ ኃላፊነት ከመሪው ላይ አይወርድም።

ሽማግሌዎቻችን ይህን በዕርቁ ቀን በግልጽ ቢናገሩት ብዙ ጥርጣሬ ይቀራል፦ «ቂሙን አድርቀናል፤ የመንግሥት ክስ ግን በእኛም በእነሱም እጅ የለም» ብለው። ካሳው ሲቆረጥም የሟች ሚስትና ልጆች ይጠየቁ። በአንቀጽ 2095 መሠረት የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች በሞቱ ምክንያት ለቀረባቸው መተዳደሪያ ካሳ የመጠየቅ መብት በራሳቸው አላቸው። የየቲም ሐቅ በአጎት ቃል ብቻ መታለፍ የለበትም።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት የቱን ያያል?

«ለምን ወደ ቃዲ አንወስደውም?» የሚሉ አሉ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን መሠረት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) እና 78(5) ነው። የፌዴራሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188/1992 ሥልጣናቸውን ዘርዝሯል፦ ኒካሕ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጆች ሞግዚትነት፣ የቤተሰብ ዝምድና፣ ወቅፍ፣ ሒባ፣ ውርስና ኑዛዜ። ግድያ፣ ድብደባ፣ ስርቆትና የንግድ ዕዳ በዚህ ውስጥ የሉም።

በተፈቀደላቸው ጉዳይም ሁለቱ ወገኖች መስማማት አለባቸው። በ1996 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያየው የአዲስ አበባ የውርስ ጉዳይ ይህን አጥርቷል። ተከሳሾቹ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አንፈልግም ቢሉም ክርክሩ ቀጥሎ ተፈርዶባቸው ነበር። ምክር ቤቱ ያለ ፈቃዳቸው መዳኘታቸው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ውሳኔውን ሻረው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በፌዴራሉ አዋጅ መሠረት መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። መጥሪያን መናቅ ተቃውሞ አይሆንም፤ ቀርቦ መናገር ግን ይሆናል።

ጽሑፍና ጊዜ

ብዙ ሐቅ የሚጠፋው በዳኛ ስህተት ሳይሆን በእኛ ዝምታ ነው። አላህ በሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ ዕዳን እንድንጽፍና እንድናስመሰክር አዞናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። ዛሬ 500 ብር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። «ወንድሜ ነው፣ ምን ያጽፈኛል?» ማለት ወንድማማችነትን የሚያፈርስ በር ነው።

ጊዜውም እንዲሁ ነው። የጉዳት ካሳ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፤ ጉዳቱ የመጣው ረዘም ያለ ይርጋ ካለው ወንጀል ከሆነ ግን በዚያ ይታሰባል። የውል ጥያቄ በመደበኛው 10 ዓመት ነው። የውርስ ንብረት በሌላ ሰው የተያዘበት ወራሽ መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቀ ሦስት ዓመት ካለፈ ክሱ ይታገዳል። ወንድሞቿን ላለማስቀየም ድርሻዋን ሳትጠይቅ ዓመት የምትቆጥር እህት ይህን ትወቅ፤ የሴት ልጅ ድርሻ አላህ በቁርኣን የደነገገው እንጂ የወንድም ችሮታ አይደለም።

በመጨረሻ፣ የታሰረ ዘመድ ያለን ሰዎች አንድ ነገር እንያዝ። የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት የሚያደርሰው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት፤ ዝም የማለት መብትም አለው። ይህን ለመጠየቅ ጠብ አያስፈልግም፤ ማወቅ ይበቃል።

አላህ ሽማግሌዎቻችንን ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ሐቅን አውቀው ከሚሰጡና ከሚጠብቁ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።