የጌም ኮምፒውተርን የኤሌክትሪክ ፍጆታ አቅሙን ሳይጎዱ መቀነስ

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው መርሳ የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት። የሰሜን ወሎ ዞን ነዋሪዎች በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ምክንያት ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ መቆየታቸው የሚታወስ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለአካባቢው ሕዝብ ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ ጽሑፍ በመኖሪያ ቤት፣ በጌም ቤትና በቪዲዮ ማቀነባበሪያ ሱቅ ከፍተኛ አቅም ያላቸው ኮምፒውተሮችን የሚጠቀሙ ወጣቶችና ባለንብረቶች፣ የሥራ ፍጥነት ብዙ ሳይቀንስባቸው ፍጆታቸውን እንዴት ዝቅ ማድረግ እንደሚችሉ ያብራራል።

ጉዳዩ ለምን ትኩረት ይሻል?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሆኖም የመነጨው ኃይል ወደ ቤት የሚደርሰው በማስተላለፊያ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያና በየሰፈሩ በተተከለ ትራንስፎርመር አማካይነት ነው። ምሽት ላይ ምጣዱ፣ ምድጃው፣ መብራቱና ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ጫናው በቅድሚያ የሚያርፈው በሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ ነው። ስለዚህ በአገር ደረጃ በቂ ኃይል ቢኖርም በየቤቱ የሚደረገው ቁጠባ ጥቅሙ አይቀርም።

ሁለተኛው ምክንያት ወጪ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ በመሆኑ ወርኃዊ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ያለው ነው። ጌም በሚጫወቱበት ጊዜ 400 ዋት የሚስብ ኮምፒውተር በቀን ለ5 ሰዓት ቢሠራ በ30 ቀን 60 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህም ማለት ኮምፒውተሩ ብቻውን፣ መብራትና ምጣድ ሳይጨመር፣ ቤተሰቡን ከዝቅተኛው እርከን ያስወጣዋል።

ፍጆታን መቀነስ ፍጥነትን ለምን ብዙ አይጎዳም?

በጌም ኮምፒውተር ውስጥ ከፍተኛውን ኃይል የሚወስዱት ግራፊክስ ካርዱና ፕሮሰሰሩ ናቸው። አምራቾች ምርታቸው በፍጥነት ውድድር እንዲበልጥ ስለሚፈልጉ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ ከፍተኛው ፍጥነት ጠርዝ አስጠግተው ያስተካክሉታል። እዚህ ጠርዝ ላይ ጥቂት ተጨማሪ ፍጥነት ለማግኘት ብዙ ተጨማሪ ኃይል ይጠፋል።

ምክንያቱ የፊዚክስ ሕግ ነው። ቺፑ ሲሠራ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ለምሳሌ ፍጥነቱ በ5 በመቶ፣ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢቀነስ፣ 0.95 በ0.9 ካሬ ተባዝቶ 0.77 ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከፍጥነቱ 5 በመቶ ብቻ በመተው ቺፑ ለሥራ ከሚወስደው ኃይል 23 በመቶ ያህሉን ማዳን ይቻላል።

ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

1. የፍሬም ብዛትን መገደብ። 60 ሄርዝ የሆነ ስክሪን በሰከንድ ከ60 በላይ ምስል ማሳየት አይችልም። ግራፊክስ ካርዱ 140 ፍሬም ቢያመርት ትርፉ ለተጫዋቹ አይታይም፤ ኃይል ግን ይበላል። በጌሙ ማስተካከያ ወይም በኤንቪዲያና በኤኤምዲ የራሳቸው ፕሮግራሞች ላይ የፍሬም ገደብ ከስክሪኑ ጋር እኩል ማድረግ ይቻላል። ይህ ምንም ስጋት የሌለበት በመሆኑ ከሁሉም በፊት ሊሠራ ይገባል።

2. የግራፊክስ ካርዱን የኃይል ጣሪያ ዝቅ ማድረግ። እንደ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ባሉ ነፃ ፕሮግራሞች ጣሪያውን ከ100 ወደ 75 ወይም 80 በመቶ ማውረድ ይቻላል። ለምሳሌ ከፋብሪካው 320 ዋት የተመደበለት አርቲኤክስ 3080 በ75 በመቶ 240 ዋት ይሆናል። በእንዲህ ዓይነት ትላልቅ ካርዶች ላይ የሚታየው የፍጥነት መቀነስ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። አነስተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ካርዶች የሚያድኑት ያነሰ ሲሆን፣ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ይህ ማስተካከያ የተዘጋ ነው።

3. ቮልቴጅን መቀነስ። ይህ ከፍተኛ ውጤት የሚያስገኝ ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ቮልቴጁ ከሚገባው በታች ከወረደ ጌሙ ይዘጋል ወይም ኮምፒውተሩ ይቆማል፤ በዚህ ጊዜ ወደ ቀድሞው ቁጥር መመለስ በቂ ነው። በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ፣ በየደረጃው ለረጅም ሰዓት እየፈተሹ መሄድ ይመከራል። ቮልቴጅን ከተመደበው በላይ መጨመር ግን ዕቃውን ሊጎዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይመከርም።

4. ፕሮሰሰሩን በቁጠባ ማሠራት። በበርካታ የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ላይ ኢኮ ሞድ የሚባል ማስተካከያ አለ። 105 ዋት የተመደበለትን ፕሮሰሰር ወደ 65 ዋት ደረጃ ያወርደዋል። አብዛኞቹ ጌሞች በግራፊክስ ካርዱ ላይ ስለሚመኩ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ቪዲዮ ለሚያቀናብሩ ግን ሥራው የሚፈጀው ጊዜ ሊረዝም ስለሚችል አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል።

5. ያለ ሥራ አለማቆየት። ማንም ሳይጠቀምበት የበራ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ በአሥሮች የሚቆጠር ዋት ሲወስድ፣ በእንቅልፍ ሁኔታ ላይ ያለ ግን ጥቂት ዋት ብቻ ይጠቀማል። ከ10 ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲተኛ ማድረግና የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ ተገቢ ነው።

6. አቧራን ማጽዳት። ኮምፒውተር የሚወስደው ኃይል በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። እንደ መርሳ ባለ ሞቃታማ አካባቢ አየር ማስገቢያው በአቧራ ከተዘጋ ቺፑ ይግላል፤ የጋለ ቺፕ ደግሞ ለተመሳሳይ ሥራ የበለጠ ኃይል ያባክናል።

የሚገኘው ውጤት በቁጥር

ከላይ የተጠቀሰው 400 ዋት የሚስብ ኮምፒውተር በነዚህ እርምጃዎች ወደ 280 ዋት ቢወርድ፣ በቀን ለ5 ሰዓት ሲሠራ በወር 18፣ በ12 ወር 216 ኪሎዋት ሰዓት ያድናል። 6 ኮምፒውተሮችን በቀን ለ10 ሰዓት የሚያሠራ ጌም ቤት ደግሞ ወርኃዊ ፍጆታው ከ720 ወደ 504 ኪሎዋት ሰዓት ይወርድለታል። አንድ ቤተሰብ በ12 ወር የሚያድነውን ጌም ቤቱ በአንድ ወር ያድናል ማለት ነው።

ጥቅሙ መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ ይበልጥ ይጎላል። 650 ቪኤ የተጻፈባቸው ብዙ ዩፒኤሶች ከ400 ዋት በታች የሚሸከሙ በመሆናቸው፣ 400 ዋት የሚስብ ኮምፒውተር መብራት እንደጠፋ አብሮ ሊጠፋና ያልተቀመጠ ሥራ ሊያሳጣ ይችላል። ወደ 280 ዋት ሲወርድ ግን ሥራን አስቀምጦ በአግባቡ ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ጄኔሬተር ለሚጠቀሙ ባለንብረቶችም የሚፈለገው የጄኔሬተር መጠንና የነዳጁ ወጪ ይቀንሳል።

ጥንቃቄ

ሶኬት ላይ ሲሰኩ የኤሌክትሪክ ክፍያን በግማሽ ይቀንሳሉ ተብለው ከሚሸጡ አነስተኛ መሣሪያዎች ኅብረተሰቡ ሊጠነቀቅ ይገባል። የቤት ቆጣሪ የሚመዘግበው በእርግጥ ጥቅም ላይ የዋለውን ኃይል ስለሆነ፣ እነዚህ መሣሪያዎች የሚቀንሱት ክፍያ የለም። ስታብላይዘርም ዕቃን ከቮልቴጅ መዋዠቅ ይከላከላል እንጂ ፍጆታን አይቀንስም።

ማንኛውም ተጠቃሚ ውጤቱን በራሱ ቆጣሪ ማረጋገጥ ይችላል። ሌሎች ዕቃዎችን አጥፍቶ፣ አንዱን ጌም ለ5 ሰዓት ከማስተካከያው በፊት፣ በሌላ ቀን ደግሞ ለተመሳሳይ ሰዓት ከማስተካከያው በኋላ በመጫወት የቆጣሪውን ንባብ ማነጻጸር በቂ ነው። በምሳሌው መሠረት የመጀመሪያው ቀን 2 ኪሎዋት ሰዓት ቢያሳይ ሁለተኛው ወደ 1.4 መውረድ ይኖርበታል። ልዩነት ካልታየ የፍሬም ገደቡና የኃይል ጣሪያው በትክክል መቀመጣቸውን እንደገና ማየት ያስፈልጋል።